አክስት ላለመሆን

ወንድሜ ታጀሲር ልጅ ሊያመጣ ኦምዱርማን ሲሄድ የጭነት መኪናውን ሽንኩርት ጭኖ ነው የሄደው። ባዶ መንዳት አይወድም። ሽንኩርቱን ገበያ አራገፈ፣ የሕፃናት ማሳደጊያው ቢሮ ገብቶ ፈረመ፣ ከዚያ ሚስቱ ረውዳ ልጁን አቅፋ፣ እሱ መሪውን ይዞ ወደ ከሰላ ተመለሱ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው በወንድሜ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ስለሆነ የሚገባውንም የሚወጣውንም መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ሰው ሐጃ በቱል ይለኛል። ዕድሜዬን አይተው ነው እንጂ መካን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው።

ልጁ ዐዋብ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የማሳደጊያው ሴቶች ናቸው። በተወለደ ዕለት፣ እትብቱ እንኳ በወጉ ሳይታሰር፣ መስጊድ በር ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ተገኘ። የወንድሜና የረውዳ ማመልከቻ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ልጁ ቆሞ አልጠበቃቸውም። ጥርስ አበቀለ፣ ዳዴ አለ፣ ተነሳ፤ እኛ ጋ ሲደርስ በሁለት እግሩ ሄዶ ከእንስራው ውሃ ሊቀዳ ሞከረ።

ረውዳ ከአስር ዓመት በላይ በትዳር ኖራ አልወለደችም። ስለዚህ ነገር ሰው ፊት አታወራም፤ ሰው ግን እሷ ፊት ያወራል። አሁን ልጅ ስታመጣ ደግሞ ወሬው መልኩን ቀየረ። ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ያሳደጉት የወለዱትን አይሆንም። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ላሳደገችው ሴት ባዕድ ወንድ ነው። ፀጉሯን ትሸፍንለታለች፣ አቅፋ አትስመውም፣ ባሏ መንገድ ሲወጣ ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ቤት አያድሩም። ከዚህ የሚያወጣው ወተት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የጡቷን ወተት ከጠጣ ልጇ ሆነ ማለት ነው፤ እስክትሞት ድረስ አትሸፈንለትም።

ስንት ጊዜ ይጠጣ የሚለው ላይ የሰፈራችን ሁለት ሼኾች አይስማሙም። በብዙ ነገር አይስማሙም። የዛዊያው፣ የአሮጌው የሱፊዎች መስጊድ፣ ሽማግሌ፣ «አንድ ጉንጭ ይበቃል» አሉ። የአዲሱ መስጊድ ሼኽ ጋሲም ደግሞ፣ «አምስት ጊዜ፣ ያውም በየጊዜው ልጁ ጠግቦ በራሱ ሲተወው» አሉ። ረውዳ አምስቱን ያዘች።

«አንዱን የሚቃወም ሼኽ አለ» አለችኝ፤ «አምስቱን የሚቃወም የለም።»

ረውዳ እንዲህ ናት። ለሰላት ስትታጠብ ሦስት ጊዜ የታጠበ ክንዷን ሁለቴ ብቻ ይሆን እንዴ ብላ ተጠራጥራ እንደገና ትጀምራለች። የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ ከሰው ጋር ጀምራ ብቻዋን ስትጨርስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በመጡ በማግሥቱ ምሳ ላይ፣ ኪስራውን በባሚያ ወጥ እያጠቀስን፣ ወንድሜ መፍትሔውን ተናገረ። ሲናገር አፉ ሞልቶ ነበር።

«እህትሽ ኢኽላስ ገዳሪፍ አራስ አይደለች? በአውቶቡስ ትምጣና ታጥባው። በሁለት ቀን ነገሩ ያልቃል።»

«እኔስ ከዚያ በኋላ ምኑ ነኝ?» አለች ረውዳ።

«አክስቱ። የእናቱ እህት። የእናት እህት ደግሞ አትሸፈንም። አለቀ!»

«እናቱ ኢኽላስ፣ እኔ አክስቱ።»

«በሃይማኖት ነው እንጂ በቤት ውስጥማ...»

«ስማ ታጀሲር፣ እኔ ኦምዱርማን ድረስ ሽንኩርት ላይ ተቀምጬ የሄድኩት አክስት ልሆን አይደለም።»

«ጋቢና ነው የተቀመጥሽው።»

«ሽታው ጋቢና ነበር።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ባሚያው ውስጥ የሆነ ነገር እፈልግ ነበር።

ኢኽላስ የረውዳ ታናሽ ናት። ስድስት ወልዳለች። ስትወልድ ምጥ አይበዛባትም፤ ስታጠባ ደግሞ ወተቷ የተጠቀለለችበትን ቶብ አልፎ መሬት ይነካል ይባላል። አላህ ለሁለት እህትማማቾች የላከውን ሁሉ መኪናው ገዳሪፍ አራግፎት ከሰላ ባዶውን የገባ ይመስላል። ረውዳ ይህን ብላ አታውቅም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እሱንም በሆዴ።

ዶክተር ኢብቲሃል ጋ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ግን ያለችውን ደግማ ለማለት አይሰለቻትም። ሳይወልዱ ማጥባት ይቻላል አለች። መጀመሪያ ገላን እርጉዝ ነኝ ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ኪኒን ለወራት መዋጥ፣ ከዚያ ኪኒኑን አቁሞ ጡትን በማለቢያ ማሽን በየሦስት ሰዓቱ መሳብ።

«ልጁ ጡት አይቶ አያውቅም፣ ጥርስም አለው» አለች ረውዳ። «አይዝልኝም።»

«አይያዝ። በኩባያ ይጠጣ።»

«በኩባያ ይቆጠራል ሐጃ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቆጠራል» አልኩ። እዚህ ላይ ሁለቱም ሼኾች ተስማምተዋል፤ ሰፈሩ እስካሁን ይገረማል።

«ግን እኮ አልወለድኩም» አለች ረውዳ ለሐኪሟ፣ ቀስ ብላ፣ እሷ ያላወቀችውን ነገር የምትነግራት ይመስል።

«ጡት መውለድሽን አለመውለድሽን አያውቅም። የሚያውቀው የሚጠባው ነገር መኖሩን ነው። አንቺ እንዳለ አድርገሽ አሳምኚው፤ እሱ ያምናል። ብዙ እንደሚመጣ ግን ቃል አልገባልሽም። ጊዜ ይፈልጋል። ልጁ ሁለት ዓመቱን የሚሞላው መቼ ነው?»

ረውዳ የማሳደጊያውን ወረቀት አወጣች። በፈረንጆቹ ወር አምስት፣ መጨረሻው ላይ። ሐኪሟ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ወደ ኋላ እየሄደች ኪኒኑን እስከዚህ፣ ማሽኑን ከዚህ፣ ወተቱ የሚበዛው ባለቀ ሰዓት፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ አለች። አምስቱን መጠጣት ያኔ ማድረግ ነው። ጠባብ ነው፤ ግን ይበቃል።

ማሽኑን ጂዳ የሚሠራ የአክስታችን ልጅ ላከልን። ኪኒኑም አለቀ። አሁን የቀረው ሰዓቱ ነበር። ሐኪሟ ሰዓቶቹን በቁጥር ጽፋ ሰጥታ ነበር፤ በቤታችን ግን በቁጥር የሚኖር ሰው የለም። የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ቆይቷል፤ ወንድሜ የሚነሳው መኪናው ሲጫን ነው፤ እኔ የምነሳው ሲነጋ ነው። ረውዳ ወረቀቱን ይዛ አንድ ሙሉ ቀን አሰበችና ማሽኑን በአዛን አሰረችው። ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዳ አንድ፣ ዙህር ሰግዳ አንድ፣ ከሰዓት ዐስር፣ ማታ መግሪብና ኢሻ። ለሌሊቱ ተሃጁድ። ሄዳ ለሐኪሟ ስትነግራት ሐኪሟ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን ተወችና አሰበች።

«ማታ ማታ ተጣበበ። ከሱብሒ እስከ ዙህር ደግሞ መሐሉ ግመል ያሳልፋል። እዚያ መሐል አንድ ያስፈልግሻል። ሁለት ብታደርጊ ደግሞ ጥሩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረውዳ ዱሓ፣ የረፋዱን ሰላት፣ መስገድ ጀመረች። በሕይወቷ ሰግዳው አታውቅም ነበር። ወተት ሳይጨምር ሰላት ጨመረ።

«ሁለቱ መስጊዶች እኩል አዛን አይሉም» አላት ወንድሜ፤ ነገር መፈለጉ ነው። «የትኛውን ልትከተዪ ነው?»

«የቀደመውን።»

«የቀደመው እኮ የዛዊያው ነው። አንድ ጉንጭ ይበቃል ያሉት።»

«አዛኑን ነው የምወስደው፤ ፈትዋውን አይደለም።»

ማሽኑ መብራት ሲኖር በመብራት፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ ይሠራል። ከሰላ ውስጥ በአብዛኛው በእጅ ነበር። በመብራት ሲሠራ ድምፁ ፍየል ጨርቅ ስታኝክ ይመስላል። ጎረቤታችን በግንቡ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «የልብስ ስፌት መኪና ገዛችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ምን ትሰፋለች?»

«የልጅ ነገር።»

ሁለት ቀን ሳይሞላ ግን ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፤ በኔ በኩል አልወጣም። ሴቶቹ የአብሽ አጥሚት በየተራ ያመጡ ጀመር። አብሽ ወተት ያወርዳል። ረውዳ ጠዋት ማታ ጠጣችው። ላቧ አብሽ አብሽ፣ ልብሷ አብሽ አብሽ ሸተተ። ወንድሜ፣ «ሚስቴን ማቀፍና ኩሽና መግባት አንድ ሆነብኝ» ብሎ ለሾፌር ጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። ሲያወራ ግን አፍሮ አልነበረም። አንድ ቀን ደግሞ ሳያየኝ፣ ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመጣ፣ ከተኛበት አንገረብ ተነስቶ በሩጫ ሄዶ የማሽኑን ገመድ ሲሰካላት አይቼዋለሁ።

ሳምንታት ምንም አልወጣም። ማሽኑ ባዶውን ያኝካል። ረውዳ አዛኑ ሲሰማ ትሰግዳለች፣ ትገባለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ ትቀመጣለች። ስትወጣ ማንም አይጠይቃትም። ጡቷ ቆስሎ ቅባት ስትቀባ ጥርሷን ነክሳ አያታለሁ። «ዛሬ አንዱን ዝለዪው» ብላት፣ «የቱን ሰላት ልዝለል ሐጃ?» አለችኝ።

አንድ ቀን፣ ዙህር ካለፈ በኋላ፣ መጋረጃውን ገልጣ ጠራችኝ። ድምፅዋ ሌላ ነበር። የማሽኑ ጠርሙስ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

«ሐጃ፣ ይሄ ላብ ነው?»

በጣቴ ነካሁና ቀመስኩት።

«ላብ ጨው ነው» አልኳት። «ይሄ ጣፋጭ ነው።»

ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አንገረቡ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታይ ጀመር። ከዚያ፣ «ጣትዎ ንጹሕ ነበር?» አለችኝ።

ከጠብታው በኋላ የጠርሙሱ ሥር እየረጠበ፣ ከዚያ እየተሸፈነ መጣ። የሻይ ብርጭቆ ወገብ ለመድረስ ግን ሙሉ ቀን ይወስድባት ነበር። ይጠራቀም ብትል የቤታችን ፍሪጅ ሞቷል፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ሰይፈዲን ትልቅ የበረዶ ማቀዝቀዣ አለው። ጠርሙሷን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ። እሱ እሺ አለ። ሚስቱ ሰልዋ ከጓሮ ብቅ አለች።

«ምንድነው እሱ?»

«የረውዳ ወተት።»

«አዑዙ ቢላህ! አንሽልኝ ሐጃ፣ አንሽልኝ! ልጄ ገና ስድስት ወሯ ነው። ተሳስተን ብናጠጣትስ?»

«በረዶ ታጠጫታለሽ?»

«አይታወቅማ! ነገ አድጋ ያ ልጅ ቢጠይቃትስ? የወተት ወንድሟ ሆኖ ሲከለከሉ ማን ይጠየቃል?»

«ለዐዋብ ልትድሪለት አስበሻል እንዴ?»

«እኔ አልወጣኝም! ግን ማን ያውቃል፣ ጥሩ ልጅ ነው።»

ወተቱን ይዤ ተመለስኩ። ረውዳ ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እውነቷን እኮ ነው» አለች ከዚያ። ማጠራቀሙ በዚያው ቀረ። «የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲመጡ ትኩሱን እሰጠዋለሁ፤ ሐኪሟ ያኔ ይበዛል ብላለች» አለችኝ። እስከዚያ የሚወጣውን ትንሹን ለዐዋብ በማንኪያ ታቀምሰው ነበር፤ እንዲለምደው። ለመደው። ማንኪያውን ሲያይ «ዩማ!» እያለ ይሮጣል። ዩማ እናት ማለት ነው። እሱ ሕጉን አያውቅም።

ሼኽ ጋሲም የተጠሩት ለምስክርነት ነው። ረውዳ የመጀመሪያውን መጠጥ ሰው አይቶ እንዲቆጥረው ፈለገች። ወንድሜ ቀኑን ሊያስታውቃቸው ቤት ጋብዟቸው፣ በረንዳው ላይ ከርከዴ ቀዳሁላቸው። ረውዳ ከበሩ ኋላ፣ ልጁን ታቅፋ ቆማለች።

«ሁለት ዓመቱ መቼ ነው የሚሞላው?» አሉ ሼኹ።

«በወር አምስት፣ በሃያ ስምንት» አለ ወንድሜ። «አንድ ወር ያህል አለን።»

«ይሄ የደመወዝ ወር ነው። እኔ የጠየቅኩት የጨረቃውን ነው፤ የጨረቃ ዓመት አጭር ነው።»

ሼኹ ከኪሳቸው ሁለቱም ዘመን የተጻፈባትን ትንሽ ካላንደር አወጡ። ጣታቸውን አራሱ፣ ገለጡ፣ ቆጠሩ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። ሁለተኛውን የቆጠሩት ተሳስተው ስላልነበረ ነው።

«ረጀብ ነው የተወለደው። ያለንበት ረጀብ ነው። በሚመጣው ማክሰኞ ይሞላዋል።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ከበሩ ኋላ ረውዳ ተናገረች። እንግዳ ወንድ ተቀምጦ ድምፅዋን ስታሰማ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሼኽ፣ ሃያ ምናምን ቀን ነበረኝ። የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም ልጄ» አሉ ሼኹ፣ በሐዘን። «አልነበረም።»

እያንዳንዷን ጠብታ በአዛን ያሰረች ሴት ዓመቱን ሽንኩርት ነጋዴዎች በነጻ ካደሉት የግድግዳ ካላንደር ላይ ነበር የወሰደችው። እሷ ብቻ አይደለችም። ሁላችንም ነን። በጨረቃ እንጾማለን፣ በጨረቃ ዒድ እናከብራለን፤ ሐኪም ጋ ስንገባ ግን ጨረቃዋን ጫማችን አጠገብ በር ላይ ትተናት እንገባለን።

በማግሥቱ ረውዳ ከሱብሒ ጀምሮ የወጣውን ሁሉ ለአንድ ኩባያ አስቀመጠች። ዐስር ሰላት ላይ ወደ ሻይ ብርጭቆ ገለበጠችው፤ ግማሽ አልሞላም። ዐዋብን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አጠጣችው። ሁለት ጊዜ ዋጠና ብርጭቆውን ላሰ። ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ ወደ እሷ ገፋው።

«ሌላ።»

«አልቋል የኔ ሆድ።»

«ሌላ!»

ማልቀስ ጀመረ። በራሱ አልተወውም። አይቆጠርም።

ልጁን ዳቦ ሰጥቼ ካስወጣሁት በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። መጀመሪያ ገንፎ አብልተሽ ሆዱን ሙዪው። ከዚያ ወተቱን ስጪው። አንዴ ፉት ብሎ ፊቱን ያዞራል። በራሱ ተወ ማለት ነው። ሼኹ 'ጠግቦ ይተወው' አሉ እንጂ 'በምን ይጥገብ' አላሉም።»

እያሰበችው ነበር። ከባድ ሚዛን ላይ እንዳስቀመጥኳት ታወቀኝ፤ ፊቷ ሲፈካም ሲጨልምም አየሁት።

«ከዚያ ሃያ ዓመት ሲሆነው» አለች፣ «ፀጉሬን ገልጬ እሱ ፊት ስቀመጥ፣ በየቀኑ ያቺ ገንፎ ትታወሰኛለች። ተቆጥሮ ይሆን አልተቆጠረ ይሆን እያልኩ ሻሼን ሳወልቅ ሳደርግ ልኑር? ሐጃ፣ ያውቁኛል እኮ። እጄን ታጥቤ እጄን የማላምን ሴት ነኝ።»

«አምስቱ ቀርቶ ሽማግሌው እንዳሉት...»

«እሱም ያው ነው። እንደጠረጠርኩ እሞታለሁ።»

ስልኩን ራሷ አነሳች። እኔ ልደውልልሽ ብላት እምቢ አለች። የእህቷ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ግቢውን ሞላው፤ ኢኽላስ ስልክ አያስፈልጋትም ነበር፣ ገዳሪፍ ሆና ብትጣራ ይሰማል።

«አንቺ! ስንት ወር በብረት ስትታለቢ ከርመሽ አሁን ነው የምትጠሪኝ? እዚህ እኮ ተርፎኝ መሬት እያጠጣሁ ነው!»

«ነገ መምጣት ትችያለሽ?»

ኢኽላስ መጮኋን ተወች። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት።

«ረውዳ፣ ምን ሆነ?»

«ጊዜ አለቀብኝ። አንቺ አጥቢው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ መሆን ስለፈለግኩ ነው የደወልኩት።»

ኢኽላስ ዓርብ ከሰዓት፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ትልቅ የፌስታል ዕቃ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ገብታ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች። «አምጡልኝ እስቲ ሰባተኛውን! ስድስቱን በምጥ፣ አንዱን በአውቶቡስ!» ዐዋብ እሷን አየ፣ ጡቷን አየ፣ እንደገና እሷን አየና እየጮኸ ረውዳ ቶብ ውስጥ ገባ። ቢለምኑት፣ በብስኩት ቢያባብሉት፣ ሕፃኑ ሲጠባ ቢያሳዩት፣ አልሆነም።

«ምነው፣ አስቀይማለሁ እንዴ?» አለች ኢኽላስ።

«ኩባያ ነው የለመደው» አለች ረውዳ። «ከኔ እጅ።»

ኢኽላስ ማሽኑን አንስታ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። ጎድጓዳ ሳህን ወስዳ ወደ ግድግዳው ዞራ በእጇ አለበች። ቧንቧ የከፈተች ነው የሚመስለው። ሳህኑ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ረውዳ አጠገቧ ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷን ላለማየት ወጥቼ ዶሮዎቹን አባረርኩ፤ ዶሮዎቹ ምንም አላጠፉም።

ስመለስ ኢኽላስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደምንም ዝቅ አድርጋ፣ ታወራለች።

«ያንቺንም ጨምሪበት። ስንት ወር የለፋሽበት ነው። ማን ያያል? ሁለታችንም እንሁን።»

ረውዳ የራሷ ጠርሙስ በእጇ ነበር፤ ዱሓ ላይ የወጣው፣ ከሥሩ ትንሽ ከፍ ያለ። ሳህኑን አየችው። ጠርሙሱን አየችው።

«ከቀላቀልኩት የማን እንደሆነ አይታወቅም» አለች። «ንጹሕ ያንቺ ይሁን።»

ጠርሙሱን ክዳኑን ገጥማ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የእህቷን ወተት በብርጭቆ ቀድታ ዐዋብን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በራሷ እጅ አጠጣችው። ሼኽ ጋሲም በረንዳው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ታካ ተራራ አዙረው ተቀምጠው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማየውን እነግራቸዋለሁ። ጠጣ። ጠጣ። አሁን አቆመ። አዞረ ፊቱን። «በራሱ ነው?» «በራሱ ነው ሼኽ።» እንዲህ አምስት ጊዜ፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። በየመጠጡ ረውዳ አፉን በቶቧ ጫፍ ጠረገችለት። በአምስተኛው ሼኹ ዱዓ አደረጉና፣ «የኢኽላስ ልጅ ነው፤ ረውዳ አክስቱ ናት፤ አትሸፈንለትም፣ ማንም አይጠራጠርም» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ረውዳ፤ ከሁላችንም ቀድማ።

ኢኽላስ ሰኞ ተመለሰች። ልንሸኛት አውቶቡስ ተራ ሄድን። መስኮቱ ሥር ቆመን ረውዳ ዐዋብን ከፍ አደረገችው።

«ኻልቶን ቻው በላት።»

ኻልቶ የእናት እህት ማለት ነው። ዐዋብ እጁን አወዛወዘ፤ «ኻልቶ!» አለ። ኢኽላስ በአንድ እጇ ሕፃኗን አቅፋ በሌላው ዐይኗን ጠረገች።

«ትክክል ነው» አለች። «ማንም እንዳያርመው። የሚያርመው ካለ ከገዳሪፍ መጥቼ አፉን እዘጋለሁ!»

አውቶቡሱ ሄደ። የዐስር አዛን ቤት ስንገባ ተባለ። ረውዳ ሰገደች፣ ገባች፣ መጋረጃውን ሳበች። ማሽኑ ማኘክ ጀመረ።

ወንድሜ ወደ እኔ መጣ። «ምን እያደረገች ነው? አልቋል እኮ። ንገሪያት እንጂ።»

«አንተ ንገራት።»

ገባ። ቆይቶ ወጣ። «ሐኪሟ በአንድ ጊዜ አይቆምም፣ ቀስ በቀስ ነው ብላለች አለችኝ» አለ። «እንዲህ ብላለች?»

«ብላለች» አልኩ። እውነት ነው፤ ብላለች። ቀስ በቀስ ማለት ግን መቀነስ ነው፤ ረውዳ አንዱንም አልቀነሰችም። ሱብሒውም፣ ዱሓውም፣ ተሃጁዱም እንዳሉ ነበሩ። ማክሰኞ መጣ፣ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ወተት እንደ ማንኛውም ወተት ነው፤ እንደ ፍየል ወተት፣ እንደ ቆርቆሮ ወተት። ሼኽ ጋሲምን አልጠየቅናቸውም።

ሙቀቱ በረታ። የጋሽ ወንዝ አሸዋ ከተማው ላይ ተነሳ። የጠርሙሱ ወተት ከወገቡ አለፈ፣ ከአንገቱ ደረሰ። ሐኪሟ ያለችው ሁሉ፣ ባለችበት ሰዓት፣ ሆነ። እሷ ያልተሳሳተችው በራሷ ካላንደር ነው።

በወር አምስት መጨረሻ፣ ወረቀቱ ሁለት ዓመት ነው በሚለው ቀን፣ ረውዳ ዙህር ሰግዳ ብርጭቆ ሙሉ ይዛ ወጣች። እስከ ጠርዙ። እኔ በረንዳው ላይ ሩዝ እለቅም ነበር። ዐዋብ እየሮጠ መጣ፤ ጭኗ ላይ ወጥቶ በሁለት እጁ ያዘ። ጠጣ። አየር ወሰደና እንደገና ጠጣ። ከዚያ አፉን ከብርጭቆው ነቀለ፣ በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ፊቱን አዞረና ከጭኗ ወርዶ ወደ ዶሮዎቹ ሄደ።

ሁለታችንም ብርጭቆውን አየነው። ሼኹ አልነበሩም። ማንም የሚቆጥር አልነበረም። እኔ ሩዙን መልቀም አቁሜያለሁ።

ረውዳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ተርፎታል» አለች።